ሦስት መደብ ባቄላ

«እርሾ» የሚለውን ቅጽል ስም ማን እንዳወጣላት በትክክል አይታወቅም። ሹፌሮቹ ናቸው የሚል አለ፤ የመዝገብ ቤቷ ጸሐፊ ናት የሚልም አለ። ማንም ያውጣው ማን፣ ሴትዮዋ ስሙን በሰማች ቁጥር ጥርሷን ትነክሳለች። እርሾ ሊጥ ያቦካል። እሷ የምታረባቸውን ባክቴሪያዎች ከሊጥ ጋር የሚያዛምዳቸው አንዳች ነገር የለም። ይህን ለሃያ ሁለት ዓመት ተናግራለች፤ ጣቢያው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል።

የምትሠራው በአፈርና ዘር ጣቢያው ኮሪደር መጨረሻ ላይ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። በአንድ በኩል መጸዳጃ ቤቱ፣ በሌላ በኩል መዝገብ ቤቱ ያዋስኗታል። መስኮቷ ፀሐይ እንዳያስገባ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። በሩ አልገጥም ያለ ፍሪጅ በገመድ ታስሮ ቆሟል፤ አጠገቡ ዕቃ የምትቀቅልበት ትልቅ የእንፋሎት ድስት፣ የመስታወት ሳህኖች፣ ጓንት፣ ጥቁር ብስባሽ አፈር የሞላበት በርሜል አለ። ባክቴሪያዎቹን ታረባና ከጥቁሩ አፈር ጋር አዋህዳ በትንንሽ ፓኬት ታሽጋለች። ገበሬው ፓኬቱን ወስዶ ከመዝራቱ በፊት የባቄላ ዘሩን ያሽበታል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ነገሩ ደግሞ ለመረዳት አይከብድም። አየር ከአምስት እጁ አራቱ ናይትሮጅን ነው፤ ተክልም ያለ ናይትሮጅን ይገረጣል፣ ይቀጭጫል። ግን አንድም ተክል በአየር ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን እንዳለ ወስዶ ሊጠቀምበት አይችልም፤ ሙሉ ጓዳ ተቆልፎበት ደጅ ላይ እንደሚራብ ሰው ነው። ቁልፉ ያለው አፈር ውስጥ በሚኖሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎች እጅ ነው። ከእነሱ ገሚሶቹ የባቄላዋ ሥር ውስጥ ይገቡና እባጭ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ ባቄላዋ ስኳር ታቀርብላቸዋለች፣ እነሱ ናይትሮጅኑን ያሰናዱላታል። ሌሎቹ ማንንም ሳይጠጉ አፈር ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ምግባቸውን ራሳቸው ፈልገው፣ ለራሳቸው የምትበቃ ጥቂት ናይትሮጅን ያዘጋጃሉ፤ መሬቱም በአብዛኛው የሚጠቀመው እነሱ ሲሞቱ ነው። ሴትዮዋ ሁለቱንም ዓይነት በፍሪጇ ውስጥ ታኖራለች። የመዝገብ ቤቷ ጸሐፊ ይህን ከሰማች ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩትን «ላጤዎቹ» ትላቸዋለች፤ ሴትዮዋም ባል ስላላገባች «ዘመዶችሽ እንዴት አደሩ?» እያለች በየጠዋቱ ትጠይቃታለች። ቀልዱ አንድ ሰሞን ያስቅ ይሆናል። በአሥራ አንደኛው ዓመት ግን እጅ እጅ ይላል።

ገበሬዎቹም ቢሆኑ አንጀቷን ያሳርሯታል። አንዱ ፓኬቱን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አስጥቶ ያደርቀዋል፤ ባክቴሪያው እዚያው ተጠብሶ ያልቃል። ሌላው ለባቄላ የተሰጠውን ለቦሎቄ ያውለዋል፤ የባቄላው ባክቴሪያ ቦሎቄ ሥር ውስጥ ገብቶ አይሠራም፣ ስንት ጊዜ ይነገር! አንዲት ሴት እባጮቹን በሽታ ናቸው ብላ ከየሥሩ በጥፍሯ ፈልፍላ ጥላ፣ «በሽታውን ለቅሜ ጨረስኩልሽ» ብላት ነበር። አንድ ጎበዝ ደግሞ በቆሎውን አሽቶበት ሲያበቃ «እርሾሽ አልነፋም» ብሎ በር ድረስ መጥቶ ተጣላት።

ቤትም ብትሄድ ያው ነው። ጣቢያው መብራት በጠፋበት ቁጥር ዋና ዋናዎቹን ብልቃጦች በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ቤት ትወስድና ከእናቷ ወተት ጎን ታስቀምጣለች። ከእነዚያ ውስጥ አንዱ ከሁሉ ይበልጥባታል። ገና ሥራ በጀመረች ዓመት፣ መንገድ ዳር ማንም ሳይንከባከባት አምሮባት ከበቀለች አንዲት ባቄላ ሥር ራሷ ያወጣችው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከብልቃጥ ወደ ብልቃጥ እያዛወረች አኑራዋለች።

«ሰው ልጅ ያሳድጋል፣ አንቺ ተውሳክ ታሳድጊያለሽ» ትላታለች እናቷ የፍሪጁን በር ከፍታ።

«እማዬ፣ ተውሳክ አይደለም አልኩሽ እኮ!»

«ተውሳክ ካልሆነ ታዲያ አትንኪ የምትዪኝ ለምንድን ነው?»

ሴትዮዋ ፍሪጁን ዘግታ ትወጣለች።

እንዲህ እያለ ሲኖር፣ አንድ ጠዋት የጣቢያው ኃላፊ ሜትር ይዞ ወደ ክፍሏ ገባ። በዕድሜ ታናሿ ነው፤ ሥራ ከጀመረ ገና ዓመት አልሞላውም። ሳያንኳኳ መግባቱ ሳያንስ ግድግዳውን መለካት ጀመረ።

«ምን ፈልገው ነው?» አለችው።

«መዝገብ ቤቱ ጠቧል። ይህን ግድግዳ አፍርሰን ሁለቱን ክፍል አንድ ልናደርግ አስበናል።»

«ባክቴሪያዎቹስ?»

«እነሱ… ሌላ ቦታ ይፈለግላቸዋል።»

«የት?»

«ይታሰብበታል» አለ ሜትሩን እየጠቀለለ። «ለማንኛውም ከሁለት ወር በኋላ ከዋናው መሥሪያ ቤት ኮሚቴ ይመጣል። የትኛው ክፍል ይቀጥል፣ የትኛው ይታጠፍ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። የሚታይ ነገር ካለዎት ያሳዩ። ወረቀት ግን አያንብቡላቸው፤ ወረቀት ሰልችቷቸዋል።»

«ይታሰብበታል» የተባለ ነገር ታስቦበት አይታ አታውቅም። ፍሪጁና የእንፋሎት ድስቱ ከዚህች ክፍል ከወጡ፣ ብልቃጦቹ ወር እንኳ አይሞላቸውም። የመንገድ ዳሩም አብሮ ያልቃል። ያን ዕለት ምሳ አልበላችም።

በማግስቱ ከግቢው በር አጠገብ ሦስት መደብ አስቆፈረች። ሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት ባቄላ ተዘራ። የመጀመሪያው ምንም ያልተደረገለት ነው። የሁለተኛው ዘር በመንገድ ዳሩ ባክቴሪያ ታሽቷል። ሦስተኛው ላይ ናይትሮጅን ያለበት ነጩ ማዳበሪያ ይጨመራል። ሐሳቧ ግልጽ ነበር፤ በሁለት ወሩ የመጀመሪያው ገርጥቶ ይታያል፣ ሁለተኛው ያለ ማዳበሪያ ከሦስተኛው እኩል ለምልሞ ይገኛል፤ ኮሚቴው ሥሩን ነቅሎ እባጮቹን በዓይኑ ያያል። ወረቀት የለ፣ ንግግር የለ። ታሽቶ የተረፈውን አንድ ጣሳ ዘር ለዘበኛው ሰጥታ «ጋሼ፣ ይህን ይጣሉልኝ» አለችና ወደ ክፍሏ ገባች።

ዘበኛው ጡረታ ሊወጣ ጥቂት የቀረው፣ ረጅም፣ ወሬ ወዳድ ሰው ነው። እሷ ስትቀጠር በሩን የከፈተላት እሱ ነው፤ «ልጄ» ሲላት ከልቡ ነው። መደቦቹን ጠዋትና ማታ ውኃ የሚያጠጣውም እሱ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ጠርቶ አስቆማት።

«እነዚህ ሁለቱ ለምንድን ነው ቢጫ የሆኑት? ያኛው አረንጓዴ ነው።»

መልሱ አጭር ነበር። እባጮቹ ሥራ እስኪጀምሩ ድረስ ባቄላ ትንሽ መራቧ አይቀርም፤ ሁለተኛው መደብ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይነሣል። ግን የዚያን ዕለት ፍሪጁ ተበላሽቶባት እየሮጠች ነበር።

«ጋሼ፣ አሁን ጊዜ የለኝም።»

በሁለተኛው ቀን እንደገና ጠየቃት። «እኔ የምለው ልጄ፣ አንዱን እያበላሽ ሁለቱን ማስራቡ ምን ይባላል?»

«ጋሼ፣ ውኃ ብቻ ያጠጡልኝ፤ ሌላው አያሳስብዎት» ብላው አለፈች። ከዚያም ፓኬት ለማከፋፈል ወደ ገጠር ተላከች። አንድ ወር ቆይታ፣ አቧራ ለብሳ፣ በገበሬዎች ጥያቄ ናላዋ ዞሮ ስትመለስ፣ ኮሚቴው ሊመጣ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር።

ከመኪናው እንደ ወረደች በመጀመሪያ ያየችው መደቦቹን ነው። ሦስቱም አረንጓዴ ናቸው። እኩል ቁመት፣ እኩል ቅጠል፣ እኩል አበባ። ምንም ያልተደረገለት የመጀመሪያው መደብ እንኳ እየተንዠረገገ ነው። ሴትዮዋ ቦርሳዋን መሬት ላይ ጥላ ከሁለተኛው መደብ አንዷን ባቄላ ከነአፈሯ ነቀለች። ሥሯ ባዶ ነበር። ነጭ፣ ልሙጥ፣ አንዲት እባጭ የሌለበት። ሌላ ነቀለች። እሱም ያው ነው። ባቄላ በአጠገቧ የተዘጋጀ ናይትሮጅን ካገኘች ባክቴሪያ አስጠግታ ስኳሯን የምታካፍልበት ምክንያት የላትም፤ ሥሯን ትዘጋለች። አንድ ሰው ማዳበሪያ ጨምሯል ማለት ነው።

ደሟ ፈላ። ከነጭቃዋ፣ የተነቀለውን ባቄላ በእጇ እንዳንጠለጠለች፣ ኃላፊው ቢሮ ገባች።

«ለኮሚቴው ዓይን እንዲያምር ብለው ነው! ክፍሌን ሊወስዱ ፈልገው ከሆነ በግልጽ ይውሰዱ እንጂ!»

«ኧረ እኔ ምንም አላደረግሁም» አለ ኃላፊው ወንበሩን ወደ ኋላ እየገፋ። «እውነቱን ልንገርዎትና እኔ ባቄላውን ከአተሩ እንኳ አልለየውም።»

የዘር ጣቢያ ኃላፊ ነው ይህን የሚለው። ሴትዮዋ በሩን ስትከፍት ዘበኛው ደጅ ላይ ቆሞ ነበር። ጩኸቱን ሰምቶ ነው የመጣው፤ ፊቱ ግን ፈገግ ብሏል።

«ስለ ባቄላው ነው እንዴ? እኔ ነኛ!» አለ ደረቱን ነፋ አድርጎ። «አንቺ እንደ ሄድሽ ለሁለቱም መደብ ማዳበሪያ ሰጠኋቸው። ቢጫ ሆነው ሲያዩኝ አንጀቴን በሉት። አሁን ሦስቱም እኩል በሉ፣ እኩል አደጉ። አየሻቸው?»

ምስጋና ይጠብቅ ነበር። ሴትዮዋ እዚያው ኮሪደር ላይ፣ ሹፌሮቹም ጸሐፊዋም እየሰሙ፣ በአፏ የመጣላትን ሁሉ ለቀቀችበት። የሁለት ወር ሥራዋን ገደል እንደከተተው ነገረችው። ክፍሏ በእሱ ምክንያት እንደሚዘጋ ነገረችው። «በር መክፈትና በር መዝጋት ነው ሥራዎት! ማን ስለ ባቄላ ያስቡ አለዎት?» አለችው በመጨረሻ።

የዘበኛው ፈገግታ ጠፋ። ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

«ሁለቴ ጠይቄሽ ነበር» አለና ወደ በሩ ሄደ።

በማግስቱ በሩን ከፈተላት እንጂ «እንዴት አደርሽ ልጄ» አላላትም። እሷም ይቅርታ ልትጠይቀው ፈልጋ ነበር። ግን ልክ ነኝ ብላ የምታምን ሰው ናት፤ ልክም ነበረች፤ ስለዚህ ሳትጠይቀው አለፈች። ያ ቀን በጣም ረዘመባት።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሰብሳቢዋ መነጽር ያደረገች፣ ቁጥብ ሴት ናት፤ ከእሷ ጋር ሲያዛጋ የዋለ አንድ ሽማግሌና ደብተር የያዘ አንድ ጎልማሳ አሉ። ኃላፊው ከፊት ከፊት እየሄደ «እነሆ» አለ፤ የሚለውን ስለማያውቅ እዚያው ላይ አቆመ። ሴትዮዋ አልዋሸችም። መደቦቹ ሦስቱም ማዳበሪያ እንደበሉ፣ ማሳያዋ እንደተበላሸ በግልጽ ተናገረች። ማን እንዳደረገው ግን አልተናገረችም።

«ታዲያ ምን ልናይ ነው የመጣነው?» አለች ሰብሳቢዋ።

ጎልማሳው ደብተሩን ገለጠ። «በሪፖርትዎ ላይ ያለ ተክል ብቻቸውን የሚኖሩ ባክቴሪያዎችም አሉ ብለው ጽፈዋል። መሬቱ ውስጥ እነሱ ካሉ ይህ ሁሉ ልፋት ለምን አስፈለገ?»

ሴትዮዋ ይህን ጥያቄ ሺህ ጊዜ ሰምታዋለች። «እነሱ የሚሠሩት ለራሳቸው ነው» አለች ድካሟን መደበቅ አቅቷት። «መብሉ ጥቂት፣ ሥራው ጥቂት። ሥር ውስጥ የገባው ግን በደንብ ይበላል፣ በደንብ ይሠራል፣ የሠራውንም ያካፍላል። ልዩነቱን ዛሬ ላሳያችሁ ነበር የፈለግሁት። አልሆነም።»

ሰብሳቢዋ ሰዓቷን አየች። ሽማግሌው ወደ መኪናው ማየት ጀመረ። ኃላፊው «እንግዲህ መዝገብ ቤቱን እንይ» አለ። በዚህ ጊዜ ከበሩ በኩል የዘበኛው ድምፅ ተሰማ።

«እኔ ቤት ጀርባ ያለውን ለምን አታሳያቸውም?»

የሚያወራው ለኃላፊው ነበር፤ ሴትዮዋን አላያትም። ሁሉም ዞሩ። ዘበኛው ከዘበኛ ቤቱ ጀርባ፣ በአጥሩና በግድግዳው መሐል ወዳለችው ጠባብ ቦታ ወሰዳቸው። ሴትዮዋ ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ በር ስትገባና ስትወጣ አንድ ቀን እንኳ ወደዚያ ዞር ብላ አታውቅም። ባቄላ ነበር። በአንድ መስመር የተዘራ፣ በሽቦ የታጠረ፣ አንድም አረም የሌለበት ባቄላ። እስከ መሐሉ ድረስ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ከመሐሉ ወዲያ ገርጥቶ፣ ቀጭጮ፣ ግማሽ ቁመት ላይ ቀርቷል። በመሐሉ አንድ ድንጋይ ተቀምጧል።

«እስከ ድንጋዩ ድረስ ያለው እሷ ጣለው ያለችኝ ዘር ነው» አለ ዘበኛው። «ዘር እንዴት ይጣላል? እሱ ሲያልቅብኝ ከዚያ ወዲያ ከገበያ የገዛሁትን ዘራሁ።»

«ማዳበሪያስ?» አለች ሴትዮዋ።

«የምን ማዳበሪያ? የነበረችኝን ግማሽ ጆንያ ለአንቺ መደቦች ሰጠኋት። ለዚህ የገዛሁት ነበር፤ ለዚህ አልተረፈም።»

ሴትዮዋ ጉልበቷ መሬት እስኪነካ ተንበርክካ ከለመለሙት አንዱን ነቀለች። ሥሩ በእባጭ ተሸፍኖ ነበር። ወፍራም፣ የተጨናነቁ እባጮች ናቸው። አንዱን በጥፍሯ ሰነጠቀችው፤ ውስጡ ቀይ ነው፣ የሚሠራ እባጭ እንደሚሆነው። ከድንጋዩ ወዲያ ካለው አንዱን ነቀለች፤ ደቃቃ እባጭ ሁለት ብቻ ተገኘበት፣ ውስጣቸውም ነጭ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዛ ለሰብሳቢዋ አቀበለቻት።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ማየት ፈለገ። ሰብሳቢዋ ራሷ ነቀለች። ጎልማሳው ሦስት ነቀለ፣ እባጮቹን ቆጥሮ ጻፈ። ያዛጋ የነበረው ሽማግሌ ነቅቶ «እስቲ ይህኛው?» እያለ አምስት ነቀለ። ኃላፊውም ነቀለ፤ ይህ ባቄላ መሆኑን አሁን ሳያውቅ አልቀረም። ሹፌሮቹ መጡ፣ ጸሐፊዋ መጣች። እያንዳንዱ እባጩን ሰንጥቆ ቀዩን ካላየ አልተወም። ሰብሳቢዋ ልትሄድ ስትል መነጽሯን ጠርጋ «ይህች ክፍል አትነካም» አለችው ኃላፊውን። «ለመዝገቡ ሌላ ቦታ ፈልግለት።»

መኪናቸው በአቧራ ተሸፍኖ ሲርቅ ሴትዮዋ ደስ ሊላት ሞከረ። ወደ ክፍሏ ገባች፣ ፍሪጁ የታሰረበትን ገመድ ነካች፣ ብልቃጡን አየች። ከዚያ ዘበኛው ትዝ ብሏት ተመልሳ ወጣች።

ዘበኛው ከቤቱ ጀርባ ነበር። የተነቀለውን ባቄላ እየለቀመ በአንድ በኩል ይከምራል። ከድንጋዩ ወዲህ የነበረው ለምለሙ መስመር አንድ ተክል አልቀረውም። አበባ ያወጡ፣ ፍሬ መያዝ የጀመሩ ነበሩ። የተረፉት ከድንጋዩ ወዲያ ያሉት የገረጡት ብቻ ናቸው። በዓመት የሚጠብቃት ባቄላ ይችው ነበረች፤ ሲነቅሉበት አንድ ቃል አልተናገረም።

«ጋሼ…» አለች።

«ክፍልሽ ተረፈች?»

«ተረፈች።»

«እሰይ» አለና መልቀሙን ቀጠለ። ትንሽ ቆይቶ ከተሰነጠቁት እባጮች አንዱን በመዳፉ ይዞ ወደ ብርሃኑ አዞረው። «ደም አለው እንዴ ይሄ ነገር?»

«ደም አይደለም። ደም የሚመስል ነገር ነው።»

«እና ይሄ ነው ከአየር የሚያበላት?»

«ይሄ ነው።»

«ታዲያ ይህን ያኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለ። አልተቆጣም፤ እንደተለመደው ሊያውቅ ፈልጎ ነው የጠየቀው። «ጎረቤት ሆኜ ስንት ዓመቴ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ምን እንደምትሠሪ አላውቅም እኮ። ልጠይቅሽ ስል ትሮጫለሽ።»

ሴትዮዋ አፏን ከፈተች፤ «ጊዜ አልነበረኝም» ልትል ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሰሚ አጣሁ እያለች ስትማረር ኖራለች። ሳይታዘዝ፣ ሳይላክ፣ ሊያውቅ ፈልጎ ብቻ በራሷ በር ላይ አስቁሞ የጠየቃት ሰው ስንት እንደሆነ አሁን ብትቆጥር አንድ ሆነባት። እሱንም በጣቢያው ሰው ሁሉ ፊት አዋርዳዋለች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ» አለች። «ነገ ጠዋት የታሸ ዘር አመጣለሁ፣ አብረን እንዘራለን።»

«ማዳበሪያ ግን ትንሽ ጣል ቢደረግበት…»

«ጋሼ!»

«እሺ፣ እሺ። ታዲያ ንገሪኛ።»

የእሱን በርጩማ ስባ ተቀመጠች። «አየር ውስጥ ናይትሮጅን የሚባል ነገር አለ» ብላ ጀመረች። «ባክቴሪያዎቹ እሱን ወስደው—»

«ቆይ ቆይ» አለ ዘበኛው አፈሩን ከእጁ እያራገፈ። «ባክቴሪያ ያልሽው ምንድን ነው? ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ።»

ሴትዮዋ በረጅሙ ተነፈሰች። ተናደደች፤ ግን ከመጀመሪያው ጀመረች።